ድልድዩ ላይ ያቆመን «ጨጓራ»

ዛሬ አጎቴን አስፈቅጄ የራሴን ስህተት ላጫውታችሁ።

ከአዘና ለዕረፍት ባሕር ዳር ሄጄ አባይ ማዶ አጎቴ ቤት አርፌ ነበር። ኳስ ለማየት ወደ ስታዲየም ስንነሳ «ባጃጅ ምን ያደርጋል? በእግራችን እንሂድ» አልኳቸው። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ለእግረኛ ምቹ ነው። ርዝመቱ 380 ሜትር ስለሆነ በደህና እርምጃ 5 ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

አጎቴ መሃል ላይ ቆሙ። ወንዙን የሚያዩ መስሎኝ ነበር፤ እጃቸው ግን ደረታቸው ላይ ነው።

«ምነው ጋሼ?»

«ያው ጨጓራዬ ነው። ስራመድ ጭምድድ ያደርገኛል፣ ስቆም ይተወኛል። አንተ የነገርከኝን መድኃኒት እየወሰድኩ ነው እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ከሁለት ወር በፊት ደውለው «ደረቴን ያቃጥለኛል» ሲሉኝ፣ መቼ እንደሚነሳባቸው ሳልጠይቅ «ኦሜፕራዞል ይግዙ» ያልኩት እኔ ነኝ። የ58 ዓመት ሰው፣ ያውም ስኳር ያለባቸው!

ኳሱ ቀረ፤ ሆስፒታል ሄድን። አርፈው የተነሱት ኢሲጂ ደህና ነበር። ሐኪሙ ግን ታሪካቸውን ሰምቶ በዚያ አላቆመም። በተጨማሪ ምርመራ የልባቸው ደም ሥር መጥበቡ ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ስንራመድ ልባችን ብዙ ደም ትፈልጋለች። የጠበበው ደም ሥር ያንን ስለማያደርስላት ታማለች፤ ስንቆም ፍላጎቷ ስለሚቀንስ ሕመሙ ይለቃል። ጨጓራ ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከምግብ ወይም ከመተኛት ጋር ተያይዞ እንጂ እርምጃ ቆጥሮ አይደለም።

እነዚህን ልብ በሉ፦

✅ ስትራመዱ ወይም ደረጃ ስትወጡ መጥቶ ስታርፉ የሚለቅ የደረት መጨምደድ፣ መክበድ ወይም ማቃጠል ካለ በቶሎ ታዩ

✅ ሕመሙ ወደ ግራ እጅ፣ አንገት ወይም መንጋጋ ሊሄድ ይችላል

✅ በሴቶችና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ትንፋሽ ማጠር ወይም ያልተለመደ ድካም ብቻ ሊሆን ይችላል

✅ ለሐኪማችሁ «ያመኛል» ብቻ ሳይሆን «ስራመድ ያመኛል» በሉ

🚨 አርፋችሁም ካልለቀቀ፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ካለው፣ «እስኪ ይለፍልኝ» ሳትሉ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል!

ታዲያ መራመድ ይቅር? በፍጹም! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አጎቴም መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ በሐኪማቸው ፈቃድ ቀስ በቀስ ወደ እርምጃቸው ተመልሰዋል። በቀደም ደውለው «ድልድዩን ሳልቆም ተሻገርኩት። የኳሱ ዕዳ ግን አለብህ» አሉኝ።

«ጨጓራዬ ነው» የሚል አባት፣ እናት ወይም አጎት ካላችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ «መቼ ነው የሚነሳብዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለወዳጅ ዘመድ አጋሩ። መልካም ጤና!