ሊጥ በሚያዝያ ለምን ይቸኩላል?

መራዊ ላይ እንጀራ የምትጋግር ሴት ሁሉ ይህን ታውቃለች፦ በሚያዝያ የተቦካ ሊጥ በሁለት ቀን ውኃውን አንሳፎ ለአብሲት ሲደርስ፣ በነሐሴ ያው ዱቄት፣ ያው እርሾ፣ ያው ቡሃቃ ሦስተኛውን ቀን ይጠይቃል። ዱቄቱ አልተለወጠ፣ እጇ አልተለወጠ። የተለወጠው ሙቀቱ ነው። እስከዚህ ድረስ አዲስ ነገር የለም፤ እኔን የሚገርመኝ ነገሩ እንዲህ በሥርዓት መሄዱ ነው። በእርሳስና በወረቀት ልታሰሉት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ሠራተኞቹን ላስተዋውቃችሁ። ከሊጡ ላይ ተቀድቶ ለሚቀጥለው ቡኮ በሚቀመጠው ቢጫ ውኃ ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ሁለት ወገኖች ይኖራሉ። አንደኛው ወገን ይስት ነው፤ የዳቦ እርሾ ዘመድ። ስኳር ይበላል፤ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የእንጀራን ዓይን የሚከፍተው ይኸው ጋዝ ነው። ሁለተኛው ወገን ላክቲክ አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ኮምጣጣነቱ በአብዛኛው የእነሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1897 ኤድዋርድ ቡክነር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ይስትን ከአሸዋ ጋር ፈጭቶ ጭማቂውን አወጣ። በጭማቂው ውስጥ አንድም ሕያው ሕዋስ አልቀረም፤ ስኳር ሲጨመርበት ግን አረፋ ደፈቀ። ስኳሩን የሚሰብሩት ኢንዛይም የሚባሉት ፕሮቲኖች መሆናቸው በዚህ ታወቀ፤ ሰውየውም በ1907 የኖቤል ሽልማት ወሰደበት። ለእኛ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ጋ ነው። ኢንዛይም የሚሠራው ከስኳሩ ጋር ሲጋጭ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ሁሉም ነገር ፈጥኖ ይሯሯጣል፣ ግጭቱ ይበዛል፣ የሚሳካውም ግጭት ይበዛል። ለይስት ደንቡ በግርድፉ እንዲህ ነው፦ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። በ25 ዲግሪ ሁለት ቀን የሚፈልግ ሊጥ በ15 ዲግሪ አራት ቀን ይፈልጋል ማለት ነው።

እጥፍ እጥፍ እያለ ግን እስከ ሰማይ አይሄድም። ኢንዛይም ፕሮቲን ነውና ሙቀት ሲበዛበት፣ እንቁላል ሲቀቀል ነጩ እንደሚረጋው፣ ቅርጹ ይበላሻል፤ የረጋ እንቁላል ደግሞ ተመልሶ ፈሳሽ አይሆንም። ይስት ከ25 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ይፈነጥዛል፣ ከ40 ሲያልፍ ይጨነቃል፣ በ55 ገደማ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ወደ ታች ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፦ በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ያንቀላፋል እንጂ አይሞትም። ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን እርሾ በጠርሙስ አድርገው ፍሪጅ ውስጥ ለሳምንታት የሚያቆዩት ለዚህ ነው።

አሁን ይህችን ደንብ ይዘን መንገድ እንውጣ። መራዊ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በደጋና በቆላ መካከል ከፍታ በ1000 ሜትር ሲጨምር አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል። ሊጣችንን በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ብንወስደው 500 ሜትር ያህል ወጣን፤ 3 ዲግሪ ያህል ቀዘቀዘ፤ መራዊ ላይ 48 ሰዓት የነበረው 60 ሰዓት ገደማ ሆነ። ከዚያ ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን አልፈን፣ በደብረ ማርቆስና በደጀን አድርገን ዓባይ ድልድይ ብንወርድ፣ ከመራዊ 1000 ሜትር ያህል ዝቅ ብለናል፤ ያው ሊጥ በ30 ሰዓት ገደማ ይደርሳል። አንድ እርሾ፣ አንድ ጎጃም፣ በእጥፍ የሚለያይ ሰዓት! እና ሰው ስልክ ደውሎ «ስንት ቀን ላቡካው?» ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንዳለ ነው።

ከፍታ ሌላም ሥራ አለው፤ ሳልነግራችሁ አላልፍም። መራዊ ላይ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ አገር አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ያው መጠን ያለው ጋዝ አንድ አራተኛ ያህል የበለጠ ቦታ ይይዛል። ደገኛ አረፋ በተፈጥሮው ወፍራም ነው።

ወደ አብሲት እንምጣ፤ ለእኔ ከሁሉም የምትጥመው እሷ ናት። ከቦካው ሊጥ ትንሽ ተቀንሶ፣ በሚፈላ ውኃ ላይ እየተማሰለ እስኪወፍር ይበስልና ተመልሶ ሊጡ ውስጥ ይገባል። ሲበስል ስታርቹ ያብጣል፤ ጤፍም ሆነ ዳጉሳ እንደ ስንዴ የሚለጠጥ ነገር ስለሌላቸው፣ አረፋውን አፍኖ የሚይዝላቸው ይህ ውፍረት ነው። የበሰለውን ስታርች ወደ ስኳር መሰባበርም ይቀላል። ሙቀቷንስ? አንድ ጆግ አብሲት በ90 ዲግሪ፣ 20 ዲግሪ ባለው ዘጠኝ ጆግ ሊጥ ላይ ቢገለበጥ፣ አማካዩ 27 ይሆናል። ሰባት ዲግሪ ጨመረ፤ በደንባችን ፍጥነቱ በ60 በመቶ አደገ። ሊጡ ብዙ ሳይቆይ ኩፍ የሚለው እንግዲህ ምግብም ሙቀትም አንድ ላይ ስለመጣለት ነው።

ብዙ ሴቶች ግን አብሲቱን ለብ እስኪል ያቀዘቅዙታል፤ ልክ ናቸው። 90 ዲግሪው ገና ከመማሰሉ በፊት ያረፈበት ቦታ ላይ ያለውን ይስት ይቀቅለዋል። በ45 ዲግሪ ቢገባ አማካዩ 22 ተኩል ብቻ ይሆናል፤ የሚቸኩለውን ያህል አይቸኩልም፣ ነገር ግን የሚሞት የለም። የሙቀት መለኪያውም እጃቸው ላይ ነው፦ ቆዳችን ማቃጠል የሚሰማው ከ43 እስከ 45 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይስትም የሚጎዳው ከዚያው ግድም ጀምሮ ነው። ጣት ከቻለው ይስትም ይችለዋል።

ሙቀት ታዲያ ሁለቱን ወገኖች እኩል አያሯሩጥም። በሙቅ አገር፣ ከ35 ዲግሪ ወዲያ፣ ይስቱ መድከም ሲጀምር ብዙዎቹ አሲድ ሠሪዎች ገና በርትተው ይሠራሉ፤ ሊጡ በቂ ጋዝ ሳይኖረው ይኮመጥጣል። ቆላ ያለች ሴት እርሾ የምትቀንሰው፣ በቀዝቃዛ ውኃ የምታቦካው፣ ቡሃቃውንም ጥላ ውስጥ የምታኖረው ለዚህ ነው። ደጋ ያለችው በተቃራኒው በለብ ያለ ውኃ አቡክታ ምድጃው አጠገብ ታስጠጋዋለች። ሁለቱም የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው፤ ሊጡን 25 ዲግሪ አካባቢ ለማቆየት መታገል። አፍለኛ እንጀራ የሚወድ ቤት ደግሞ አሲዱ ሳይበረታ ቶሎ ይጋግራል፤ እኔ በበኩሌ ኮምጠጥ ያለውን እመርጣለሁ።

ጠላ ላይ ሌላ ጉድ አለ። ስኳር ወደ አልኮል ሲለወጥ ራሱ ሙቀት ያወጣል። በትንሽ ገንቦ ሙቀቱ በጎን በጎን ያመልጣል፤ ድፍድፍ በሞላው ትልቅ ጋን ግን መሐል ላይ ይከማቻል፤ ሙቀቱ መፍላቱን ያፈጥናል፣ መፍላቱ ሙቀቱን ይጨምራል። የሸክላው ላብ ጥቂት ባያበርደው ኖሮ የባሰ ነበር። የቢራ ፋብሪካ ይህን የሚፈታው በማቀዝቀዣ ቧንቧ ነው፤ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ እንደሚጠመቀው እንደ ጊዮርጊስ ያለ ላገር ቢራ ከ7 እስከ 13 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ በሚሠራ የይስት ዓይነት ቀስ ብሎ ይብላላል።

ካላመናችሁ ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ፈልጉ። በእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ማንኪያ የፓኬት የዳቦ እርሾ፣ አንድ ሲኒ ውኃ፤ አፋቸው ላይ ፊኛ። አንዱን ቀዝቃዛ ውኃ በያዘ ሣህን፣ አንዱን ለብ ባለ፣ ሦስተኛውን እጅ በማያስነካ ሙቅ ውኃ ውስጥ አቁሙ፤ የቀዘቀዘውን ሙቅ ውኃ እየለወጣችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ለብ ያለው ፊኛ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሁለቱ ተኝተው ታገኟቸዋላችሁ። አሁን የተኙትን ሁለቱን አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስቀምጧቸው። ከቅዝቃዜ የመጣው ቀስ እያለ ይነፋል። ያኛውን እስከ ማታ ብትጠብቁትም አይነሣም።