ስለሚከራይ ቤት ሊደረግ የሚገባ ጥንቃቄ

በዘመኑ ሁሉ ያጠራቀመውን ጥሪት ከባንክ ብድር ጋራ አዳብሎ በአዲስ አበባ የሚከራይ ቤት የሚሠራ ሰው፥ ቤቱን ሳትነጥፍ እንደምትታለብ ላም ይቈጥረዋል። ሒሳቡንም የሚያሰላው በ12 ወር ኪራይ ነው፤ አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ ባዶውን የሚያድርበትን ወራት፥ የሚያፈሰውን ጣራ፥ የሚደፈነውን ቧንቧ፥ የኪራይ ገቢ ግብሩንም ግን አያስገባም። የባንኩ ወለድ ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው ተብሎ አይቆምም።

ሕጉንም አስቀድሞ መመልከት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320፥ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጓል፤ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ መንግሥት በሚያስታውቀው ልክ ነው። እንግዲህ የ6 ወር ኪራይ አስቀድሞ ተቀብሎ ዕዳውን ሊያቃልል ያሰበው ሰው ሐሳቡ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ቢወደዱም በፈቀደው ቀን ኪራይ አይጨምርም። ተከራዩም ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነውና በዚህ ሕግ ማንም ሊያዝን አይገባውም፤ የሚያሳዝነውስ ሕጉ ሳይታወቅ የተገባበት ዕዳ ነው።

መሠረቱ ከመቈፈሩ አስቀድሞ ሒሳቡ በ10 ወር ኪራይ ይሠራ፤ በዚያ ዕዳው የማይከፈል ከሆነ ብድሩ ይቀነስ፥ ከታሰቡትም ክፍሎች ሁለቱ ለጊዜው ይቅሩ።