ለካርቱም የወተት ላም ሲገዛ፦ ድራት፣ ቀንና ዋጋ

በካርቱም የወተት ምንጭ ላም ናት፤ የውሃ ጎሽ በብዛት የሚታለበው በግብጽ ነው። ሂላት ኩኩን በመሳሰሉ የሰሜን ካርቱም የወተት ሰፈሮች የቡታናና የኬናና ዝርያዎች፣ እንዲሁም የእነዚህ ድቅሎች ይታወቃሉ። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሳ ወዲህ መንጋውን እንደገና የሚያቋቁም አርቢ፣ እየበላች የማትወልድ ላም የሚሸከምበት አቅም የለውም። ስለዚህ ለዚህ ገበያ ላም የሚያቀርብ ነጋዴ ከግቷና ከጥርሷ ሌላ የመራቢያ ቀኗን ማወቅ አለበት።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ላም 280 ቀን ገደማ ታረግዛለች። በየዓመቱ እንድትወልድ ከተፈለገ፣ በወለደች በ85 ቀን ውስጥ ማርገዝ ይኖርባታል። ማህፀኗ እስኪያገግም እስከ 60 ቀን ቢጠበቅ የሚቀረው 25 ቀን ብቻ ነው። ድራት የሚመጣው በ21 ቀን አንዴ በመሆኑ በዚህ ጊዜ የሚገኘው ዕድል አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። አንዱ ካመለጠ ባለቤቱ የሦስት ሳምንት መኖ ከስሯል፤ ቀጣዩ ወተትም በዚያው ልክ ይዘገያል።

ዋናው የድራት ምልክት ላሟ ሌሎች ሲወጡባት ሳትሸሽ ቆማ መጠበቋ ነው። መቅበጥበጥ፣ መጮህ፣ ወተት መቀነስና ከብልቷ የሚንጠለጠል ጥርት ያለ ዝልግልግ ፈሳሽ አጋዥ ምልክቶች ናቸው። ሻኛ ባላቸው ዝርያዎች ድራት አጭርና ጸጥ ያለ ነው፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ይመጣል። ከ40 ዲግሪ በላይ የሚደርሰው የካርቱም ሙቀት ደግሞ ምልክቱን የባሰ ይደብቀዋል። ስለሆነም ጎህ ሲቀድና ከመሸ በኋላ መመልከት ይበጃል። ጠዋት የታየች ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየች በማግስቱ ጠዋት ትዳቀላለች።

«እርጉዝ ናት» የሚለው ቃል ዋጋ ይጨምራል፤ ማስረጃ ግን አይደለም። ገዢ መጀመሪያ የተጠቃችበትን ቀን ይጠይቅ። በ21ኛውና በ42ኛው ቀን አካባቢ ድራት ካልታየባት ተስፋ አለ፤ ማረጋገጫው ግን ከ60 ቀን በኋላ በእንስሳት ሐኪም የሚደረግ የእጅ ምርመራ ነው። አልፎ አልፎ እርጉዝ ላምም የድራት ምልክት ታሳያለች፤ ሳትመረመር ብትዳቀል ልትጨነግፍ ትችላለች። ውርጃ የሚያስከትለውን የብሩሴሎሲስ በሽታ ማስመርመርም ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ጉዞው አለ። የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት ደንብ፣ ስትራገፍ በእርግዝናዋ የመጨረሻ አሥረኛ እጅ ላይ የምትሆን እንስሳ እንዳትጓጓዝ ይመክራል። ለላም ይህ ማለት ለመውለድ 28 ቀን ገደማ ሲቀራት ነው። ከመተማ በገላባት ወደ ካርቱም የሚያቀና ነጋዴ ይህን ቀን ከመጫኑ በፊት ይቁጠር። በመኪና ላይ የወለደች ላም ከነጥጃዋ ልትጠፋ ትችላለችና።