ስለ ማተሚያ መኪና ጥቁርና ኅብር ቀለም

የዲማ ጊዮርጊስ፥ የደብረ ወርቅና የደብረ ኤልያስ ትምህርት በሚሰማበት በጎጃም ደጋ፥ ቁም ጸሐፊ ሁለት የቀለም ቀንድ ከፊቱ አኑሮ መጻፉ የቆየ ሥርዓት ነው። አንዱ ጥቁር፥ ሁለተኛው ቀይ ነው። ቃሉ ሁሉ በጥቁሩ ይጻፋል፤ ቀዩ ግን ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፥ ለምዕራፍም መጀመሪያ ይጠበቃል። ጥቁሩም ከጥላሸት፥ ከተቆላና ካረረ እህል፥ ከሙጫም ጋር ብዙ ወራት እየታሸ የሚሰነብት ስለ ሆነ ጽሕፈቱ ለብዙ ዘመን ይኖራል።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው ፕሪንተር፥ ይልቁንም ቀለም የሚረጨው ኢንክጄት የተባለው ዓይነት፥ እንዲሁ ጥቁሩን ከሌላው ለይቶ ይይዛል። ቀለሞቹም ውሃ ሰማያዊ፥ ሐምራዊ መሳይ ቀይ፥ ቢጫና ጥቁር ናቸው። መኪናው እጅግ ደቃቅ ነጠብጣብ በወረቀቱ ላይ ይረጫል፤ ቢጫው ከሰማያዊው ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ፥ ከሐምራዊው ጋር ሲገናኝ ቀይ መስሎ ይታየናል።

ሦስቱ በአንድነት ቢደራረቡ ጥቁር ይመስላሉ፤ ነገር ግን ወደ ቡናማነት ያደላል፥ ወረቀቱንም ያርሳል፥ ለአንድ ፊደልም ሦስት ቀለም ያስወጣል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. የወጣው ዴስክጄት 500ሲ የቀለም ማኖሪያው አንድ ብቻ ስለ ነበረ፥ ኅብሩን ለማተም ጥቁሩን ማውጣት ግድ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የወጣው 550ሲ ግን ሁለቱንም በአንድነት ያዘ።

በብዙዎቹ መኪኖች ጥቁሩ ቀለም ደቃቅ የጥላሸት ዱቄት የተበተነበት ፈሳሽ ነው። ዱቄቱ በወረቀቱ ላይ ተቀምጦ ይደርቃልና ውሃና ፀሐይ ቶሎ አያጠፉትም። ኅብሩ ቀለም ግን ብዙ ጊዜ በውሃ የሟሟ ስለ ሆነ፥ ቢርስ ይፈሳል፥ በፀሐይም ይደበዝዛል። እንግዲህ የቁም ጸሐፊው ቀለምና የመኪናው ጥቁር የአንድ ጥላሸት ወገን ናቸው።

ይህ ነገር ቤተ ሰብን ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፥ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ሳለሁ ያየሁትን ልናገር። አንዲት እናት በክረምት ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወደ ደብረ ማርቆስ መጥተው፥ የባለቤታቸውን የኑዛዜ ግልባጭ ከነጠላቸው ሥር አወጡ። ዝናብ ገብቶበት ኖሮ፥ ከየፊደሉ ዳር ሰማያዊና ቀይ ፈስሶ መስመሩ ከመስመር ተደባልቋል፤ ጥቁር ይመስል የነበረው የሦስቱ ድብልቅ ነበር። ምስክሮቹ በሕይወት ስለ ነበሩ ቃሉ እንደ ገና ተሰማ። እነርሱ ባይኖሩ የልጆቹ ድርሻ በምን ይጸና ነበር?

አንዳንዱ መኪና ጥቁሩን ትቶ ሦስቱን የሚደባልቀው፥ ጥቁሩ ባለቀ ጊዜ፥ ወይም ወረቀቱ የፎቶግራፍ ነው ተብሎ በታዘዘ ጊዜ ነው፤ የጥቁሩ ዱቄት በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ በደኅና አይይዝምና። በጥቁር ብቻ እያተሙ ኅብሩ ጐደለብን የሚሉም አሉ፤ መኪናው ቀዳዳዎቹን ለማጽዳት ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ስለሚያፈስ ነው።

ስለዚህ ውል፥ ኑዛዜና የክርስትና ምስክር ወረቀት የምታሳትሙ ሁሉ፥ ወረቀቱ ተራ ነው፥ ቀለሙም ጥቁር ብቻ ይሁን ብላችሁ እዘዙ። አንድ ትርፍ ቅጂም ካደረቃችሁ በኋላ በረጠበ ጣት ዳሱት፤ ቀይና ሰማያዊ ከወጣው ያ ጽሕፈት ለልጅ ልጅ አይቆይም። ኅብሩን ቀለም ለልጆች ሥዕልና ለበዓል ካርድ አቆዩት፤ አባቶቻችንም ቀዩን ለክብር ስፍራ ጠበቁት እንጂ ቃሉን ሁሉ አልጻፉበትም።