የሶፍትዌር ጉድለት ለማን ይነገር? ለሠሪው ወይስ ለአከፋፋዩ?

ቆቦ ከተማ ውስጥ አንድ የኮምፒውተርና የፎቶ ኮፒ ቤት አለ እንበል። ባለቤቱ ለፕሮግራም የሚከፍለው ገንዘብ ስለሌለው ኡቡንቱ የተባለውን ነፃ ሲስተም ጭኖ ይሠራል። የማሽላና የጤፍ ነጋዴዎች ውልና ማመልከቻ ያስጽፉታል። አንድ የገበያ ቀን በስክሪኑ ላይ ደህና ሆኖ የሚታየው የአማርኛ ጽሑፍ ሲታተም በየመሀሉ ባዶ ሳጥን ያወጣል። ደንበኛው «ይህን ይዤ ማን ይቀበለኛል?» ብሎ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። ለመሆኑ ባለሱቁ አቤቱታውን ለማን ያቅርብ?

ቀደም ሲል ነገሩ ቀላል ነበር። እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ያሉት የአማርኛ መጻፊያዎች ሻጭ ነበራቸው፤ ጉድለት ሲገኝ የሻጩን በር ማንኳኳት ነው። በአንዱ የተጻፈው በሌላው አለመነበቡ ግን ራሱን የቻለ ጣጣ ነበር። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከገባ ወዲህ ያ ችግር እየቀለለ መጥቷል።

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ግን አንድ ባለቤት የለውም። መጻፊያው ሊብሬኦፊስ ከአንድ ቡድን ይመጣል። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት የኤስ አይ ኤል ሥራ ነው። ወደ ማተሚያው የሚልከው ፕሮግራም ደግሞ የሌላ ነው። እነዚህን ሁሉ ሰብስቦ፣ አስማምቶና ፈትሾ ለተጠቃሚው የሚያደርሰው አከፋፋዩ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዴቢያን እና በእርሱ ላይ ተመሥርቶ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ ከዚህ ወገን ናቸው።

ፈረንጆቹ ሠሪውን «የወንዙ ላይኛ»፣ አከፋፋዩን «የወንዙ ታችኛ» ይሏቸዋል። አባባሉን የራያ ቆላ ገበሬ ከማንም በላይ ይረዳዋል። በጎሊናና በሆርማት ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳውን የሚያጠጣ ሰው፣ መጥለፊያው ከላይ ተደርምሶ ሳለ የራሱን ቦይ ብቻ ቢጠርግ ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። ሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። አከፋፋዩ ጉድለቱን በራሱ ቅጂ ብቻ ጠግኖ ለሠሪው ካልነገረ፣ አዲሱ እትም ሲመጣ ያው ጉድለት ይመለሳል፤ ሌሎቹ አከፋፋዮችም እየደጋገሙ ይለፋሉ።

ዴቢያን ይህን አስቦ፣ የጉድለት ማስተካከያዎችንና የተጠቃሚዎችን ጥያቄ ለሠሪዎቹ እንደሚመልስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የማኅበራዊ ውል ሰነድ ቃል ገብቷል። እያንዳንዱ ሪፖርት ቁጥር ይሰጠዋል። የፕሮግራሙ ተረካቢ ጥፋቱ የሠሪው ነው ብሎ ካመነ ያስተላልፍና «ተላልፏል» የሚል ምልክት ከነአድራሻው ያኖርበታል። ኡቡንቱም ላውንችፓድ በተባለው መዝገቡ አንዱን ጉድለት ከሠሪው መዝገብ ጋር ያያይዛል። በወረቀት ላይ መልካም ነው። ተረካቢዎቹ ግን አብዛኞቹ በትርፍ ጊዜያቸው የሚሠሩ በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ለዓመታት ሳይነካ የሚቆይ ሪፖርት ሞልቷል።

መግባባት ሲጎድል የሚደርሰውን ለማየት የኦፕን ኤስ ኤስ ኤልን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። ይህ ፕሮግራም በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚቆልፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የዴቢያኑ ተረካቢ አንድ የመፈተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ቢሰጠው ሁለት መስመር ለማንሳት አሰበ። ለሠሪዎቹ በአጭሩ ጠየቀ፤ በአጭሩም የማይቃወም መልስ አገኘ። ሙሉው ለውጥ ግን ቀርቦ አልተመረመረም። ከተነሱት መስመሮች አንዱ ቁልፉን የማይገመት የሚያደርገው ነበር! ጉዳዩ በግንቦት 2008 (እ.ኤ.አ.) እስኪታወቅ ድረስ በዴቢያንና በኡቡንቱ የተሠሩ ቁልፎች በየዓይነታቸው ከ33 ሺህ የማይበልጡ አማራጮች ብቻ ነበሯቸው። ይህን ያህል ቁጥር አንድ ኮምፒውተር በአጭር ጊዜ ሞክሮ ይጨርሰዋል። በየአገሩ ቁልፍ መጣልና እንደገና ማውጣት ግድ ሆነ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የአንድ ሰው አይደለም፤ ጠያቂው አጠረ፣ መላሹም አልመረመረም።

ወደ ባለሱቁ እንመለስ። መጀመሪያ ፎንቱን ለውጦ ያትም። ሳጥኑ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደ ፎንቱ ያዘነብላል። ካልጠፋ ያንኑ ጽሑፍ በሌላ መጻፊያ ይሞክር። ቀጥሎ የእትሙን ቁጥር ይይ፤ ይህ በእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ኡቡንቱ እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ሲዲ በነፃ በፖስታ ይልክ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው አንድ ጊዜ ያገኘውን ቅጂ በፍላሽ እየተቀባበለ ለዓመታት ይሠራበታል። ሠሪው ጉድለቱን ድሮ አስተካክሎት ቆቦ ያለው ቅጂ ብቻ አሮጌ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ያለው አቤቱታ ሠሪው የሚሰጠው መልስ «አዲሱን ጫን» የሚል ነው።

በአዲሱም እትም ከቀጠለ ሪፖርቱ በቅድሚያ ለአከፋፋዩ ይሂድ፤ የራሱን ለውጥ አስገብቶ እንደሆነ የሚያውቀው እርሱ ነውና። ምን እንደተደረገ፣ ምን እንደተጠበቀና ምን እንደወጣ በአጭር እንግሊዝኛ ይጻፍ፤ የፊደሉ ስም፣ የታተመው ወረቀት ፎቶግራፍና ጉድለቱን የሚያሳይ ባለአንድ መስመር ፋይል አብሮ ይላክ። አማርኛ የማያነብ ፕሮግራመር ሳጥኑ የየትኛው ፊደል ምትክ እንደሆነ በራሱ ሊያውቅ አይችልም። ለሠሪውም የሚጽፍ ከሆነ የመጀመሪያውን ሪፖርት ቁጥር ይጥቀስ፤ አለዚያ ሁለት ወገን ሳይተዋወቅ አንድ ሥራ ይሠራል።

እስከዚያው ድረስ ውሉን ችግር በሌለበት ፎንት ወደ ፒዲኤፍ ለውጦ ማተም የደንበኛውን ጉዳይ ያደርሳል።