ጉንደ ወይን በላቲን ፊደል እንዴት ይጻፋል?

ታላቅ ወንድሜ ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ባመለከተ ጊዜ የላካቸው ማስረጃዎች ሦስት ነበሩ፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ፥ ፓስፖርቱና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ውጤቱ። በሦስቱም ላይ የትውልድ ቦታው በላቲን ፊደል ተጽፎአል፤ ነገር ግን ሦስቱ አልተስማሙም። ማመልከቻውን የተቀበለው ጸሐፊ ሲመልስለት፥ ከሦስቱ ከተሞች የተወለደው በየትኛው እንደ ሆነ እንዲያስታውቅ ጠየቀው። ወንድሜ ግን እስከ ዐሥራ አምስት ዓመቱ ድረስ ከጉንደ ወይን በቀር ሌላ ከተማ አላየም ነበር። ሦስቱ ስሞች የአንድ ከተማ ስም መሆናቸውን የሚያረጋግጥ አራተኛ ወረቀት ለማግኘት ሲመላለስ የመመዝገቢያው ጊዜ አለፈ፤ ትምህርቱም በዚያ ዓመት ቀረበት።

በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡ ሁሉ የወቀሰው ወረቀቶቹን የጻፉትን ሰዎች ነበር፤ እኔም እንደዚሁ። በኋላ የቋንቋ ትምህርት ስጀምር ነገሩን መለስ ብዬ ብመረምረው፥ ሦስቱም ጸሐፊዎች በየበኩላቸው ምክንያት እንደ ነበራቸው ተረዳሁ። ምክንያቱን ለጓደኞቼ ማካፈል የፈለግሁት ነገሩ የጉንደ ወይን ሰዎች ብቻ ጉዳይ ስላልሆነ ነው፤ በዚህ ግቢ ውስጥ ስሙን በላቲን ፊደል ያልጻፈ ተማሪ የለምና።

አስቀድሜ ስለ አጻጻፌ አንድ ቃል ልናገር። ጽሑፌ በአገራችን ፊደል ብቻ ስለ ሆነ የላቲኑን ፊደል በስሙ እየጠራሁ እሄዳለሁ። «ኤ» ስል የመጀመሪያውን፥ «ኢ» ስል አምስተኛውን፥ «አይ» ስል ዘጠነኛውን ፊደል ማለቴ ነው። አንባቢ በዚህ ጥቂት ቢደናገር ስለምናገረው ችግር ቅምሻ አገኘ ማለት ነው።

የከተማዬ ስም በግዕዝ ሲፈታ የወይን ግንድ ማለት ነው። የግዕዙ ቃል «ጕንድ» ነው፤ ከወይን ጋር ሲናበብ «ጕንደ ወይን» ይሆናል። ችግሩ ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምራል። «ጕ» ከንፈር ሞጥሞጥ ብሎ የሚነገር የ«ግ» ድምፅ ነው፤ አባቶቻችን ለብቻው ፊደል ቀርጸውለታል። የዛሬው አማርኛ ግን ይህን ድምፅ አንዳንድ ጊዜ ወደ «ጉ»፥ አንዳንድ ጊዜ ወደ «ግ» ያደርሰዋል። የግዕዙ ጕንድ በአማርኛ «ግንድ» የሆነው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ድምፁን እንደ «ጉ» የሰማ ጸሐፊ «ዩ» ይጽፋል፤ ግንዱን ያሰበ ደግሞ «አይ» ይጽፋል።

ቀጥሎ «ደ» አለ። የግዕዝ የምንለው የመጀመሪያው አናባቢ በላቲን ፊደል ውስጥ ፈጽሞ የለም። አንዱ «ኢ» ይለዋል፤ ሌላው «ኤ» ይለዋል። «ወ» ላይ ስንደርስ ደግሞ ከንፈራችን ራሱ ያስተናል። በአነጋገራችን «ወ» ወደ «ዎ» ስለሚጠጋ ብዙ ሰው «ኦ» ይጽፋል፤ ፊደሉን የሚከተል «ኢ»፥ የጥንቱን ሊቃውንት የሚከተል «ኤ» ይጽፋል። «ይ»ን በ«አይ» ወይም በ«ዋይ» ወይም ሁለቱን ደርቦ መጻፍ ይቻላል። በመጨረሻም ስሙን አንድ ቃል ማድረግ ወይም ሁለት ማድረግ አለ። ሁለቱን በሁለት፥ በሦስት፥ በሦስትና በሁለት ብናበዛው 72 አጻጻፍ ይወጣል፤ ልክ እንደ አርድእት ቍጥር። አንዱንም ስሕተት ነው ብሎ ለመጣል አያመችም።

ባለፈው ክረምት ይህን ስሌት ፊደል ላስቈጠሩኝ መምህር ባጫውታቸው፥

«የፈረንጁ ፊደል ስንት ነው ልጄ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ሃያ ስድስት ነው የኔታ» አልኋቸው።

«እና በሃያ ስድስት ስልቻ የኛን ጐተራ ሙሉ ሊጭን ነው?» ብለው ሣቁ።

የኔታ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ነገሩን ግን አግኝተውታል። የኛ 33 ፊደላት በሰባት ሰባት እየረቡ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቈጥር። ሰባት አናባቢ አለን፤ ላቲኑ ያለው አምስት ብቻ ነው። ግዕዝና ሳድስ ሁልጊዜ ከሌላ አናባቢ ቤት በደባልነት ይገባሉ፤ ማን ጋር እንደሚገቡ የሚወስነው እንግዲህ ጸሐፊው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በአንዱ መጽሐፍ በ«ኢ» ጀምረው በ«አይ» የሚጨርሱት፥ በሌላው በ«አይ» ጀምረው በ«ኢ» የሚጨርሱት፥ በሦስተኛው ሁሉም «አይ» የሚሆኑት ሳድሱ መጠጊያ በማጣቱ ነው።

ከአናባቢው ይልቅ የሚከፋው የተነባቢው ነው። ጠ፥ ጨ፥ ቀ፥ ጰ፥ ጸ ጉሮሮ ታግዶ የሚፈነዱ ድምፆች ናቸው፤ እንግሊዝኛ የላቸውም፤ ፈረንሳይኛም የለውም። ከጉንደ ወይን ብዙ የማይርቀው ሞጣ ሲጻፍ «ጠ» ወደ «ቲ» ይለወጣል። ይህን የላቲን ጽሕፈት አንድ የአገራችንን ስም የማያውቅ ሰው ወደ አማርኛ ቢመልሰው «ሞታ» ይሆናል። የሞተች ሴት ወሬ እንጂ የከተማ ስም አይደለም። አንዳንዶች ይህን ለማዳን «ቲ»ን ደርበው ይጽፋሉ፤ ግን መደረቡ መጥበቅን እንጂ መፈንዳትን አያሳይም።

ስለ መጥበቅ ካነሣሁ ዘንድ፥ እዚህ ላይ ጥፋቱ የፈረንጅ ፊደል ሳይሆን የኛ ነው። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም፤ አንባቢው ከልማድ ያውቀዋል። ጎጃም ሲነገር «ጃ» ስለሚጠብቅ አንዱ «ጄ»ን ሁለት ጊዜ፥ ሌላው አንድ ጊዜ ይጽፋል። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ አንዳንዴ በአንድ «ዲ»፥ አንዳንዴ በሁለት «ዲ» የሚገኙት ለዚሁ ነው። ስለ እሳቸው ጥናት ለመሥራት በቤተ መጻሕፍት ኮምፒዩተር የፈለገ ተማሪ አንዱን ብቻ ጽፎ ከሄደ ግማሹን ጽሑፍ ሳያይ ይቀራል።

እስካሁን የተናገርሁት ጸሐፊው የኛው ሰው ሲሆን ነው። የውጭ ሰው ሲጽፍ ደግሞ የራሱን አገር ንባብ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ከሸዋ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። የ«ሸ»ን ድምፅ እንግሊዙ በ«ኤስ»ና በ«ኤች»፥ ፈረንሳዩ በ«ሲ»ና በ«ኤች»፥ ጀርመኑ በ«ኤስ»፥ በ«ሲ»ና በ«ኤች»፥ ኢጣልያኑ በ«ኤስ»፥ በ«ሲ»ና በ«አይ» ይጽፈዋል። አራት ተጓዦች በአንድ ቀን አንኮበር ገብተው ከአንድ ሰው አፍ አንድ ስም ቢሰሙ፥ አራት አገር ያዩ ይመስል አራት ዓይነት ጽፈው ይመለሳሉ። ጎጃምም እንደዚሁ ነው፤ ፈረንሳዩ ከ«ጄ» በፊት «ዲ» ይጨምራል፥ ኢጣልያኑ በሁለት «ጂ» ይጽፈዋል። የጎረቤታችን የጅቡቲ ስም በእንግሊዝኛ ሳይቀር በ«ዲ» የሚጀምረው ፈረንሳይ ስለ ጻፈው ነው። የዓድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. ሲሆን ወሬው በኢጣልያኖቹ ጋዜጣ በ«ዩ»፥ በእንግሊዞቹ በ«ኦ»ና በ«ደብልዩ» ወጣ፤ የእንግሊዞቹ «ኦ» እስከ ዛሬ ድረስ በአንዳንድ መጽሐፍ ውስጥ ተቀምጦአል።

ታዲያ ዛሬ፥ በስልክ ሁሉን መጠየቅ በሚቻልበት ዘመን፥ ጋዜጦች ለምን አይስማሙም? ትልልቆቹ የዜና ድርጅቶች እያንዳንዳቸው የአጻጻፍ ደንብ የሚያጸና መጽሐፍ አላቸው። አንድ ስም አንድ ጊዜ በዚያ ከገባ በቀላሉ አይለወጥም፤ ቢለወጥ የዛሬው ወሬ ከትናንቱ ወሬ ጋር ይለያያልና። እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ለመስማማት ሲል ከሌላው ጋር ሳይስማማ ይኖራል። ከ2013 ዓ.ም. እስከ 2015 ዓ.ም. በቈየው የትግራይ ጦርነት ጊዜ ሮይተርስ መቀሌን በሁለት «ኤል» ሲጽፍ፥ አሶሺየትድ ፕረስ በአንድ «ኤል» ይጽፍ ነበር። ስሙ ራሱ በአማርኛ በ«ሌ»፥ በትግርኛ በ«ለ» የሚያልቅ ሲሆን «ቀ»ውም በትግርኛ ሌላ ድምፅ አለው፤ ኢጣልያኖች ደግሞ ከዓድዋ ዘመን ጀምረው በሁለት «ሲ» ሳይሆን በአንድ «ሲ»ና በሁለት «ኤል» ጽፈውታል። በውጭ አገር ሆኖ የዘመዶቹን ደኅንነት በኢንተርኔት የሚፈልግ ሰው የትኛውን እንዲጽፍ ማን ይንገረው? ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ ይኸው ጭንቀት ወደኛ አገር መጥቶአል። የከተማው ስም 72 ዓይነት አጻጻፍ ካለው፥ በአንዱ ፈልጎ ወሬ ያጣ ሰው ሰላም ነው ብሎ ሊተኛ ይችላል።

በዚህ መከራ ብቻችንን አይደለንም። ዓረቦች የባሰ አለባቸው። በተለመደው ጽሕፈታቸው አጭር አናባቢ ስለማይጻፍ የውጭ ሰው ከራሱ ይጨምራል፤ በዚያ ላይ የመጽሐፉ ዓረብኛና የአገሩ አነጋገር ይለያያሉ። የሊቢያው መሪ ስም በመጽሐፉ ዓረብኛ በ«ቃፍ» ይጀምራል፤ ሊቢያዎች ግን «ቃፍ»ን እንደ «ገ» ይናገሩታል። ስለዚህ ኒው ዮርክ ታይምስ መጽሐፉን ተከትሎ በ«ኪው»፥ ቢቢሲ አነጋገሩን ተከትሎ በ«ጂ» ጻፈው፤ በ«ኬ» የጻፉትም ነበሩ። እዚህ ላይ ራሳችንንም መታዘብ አለብን። የዓረቡን «ቃፍ» የሚተካ «ቀ» የሚባል ፊደል እያለን ጋዜጦቻችን «ጋዳፊ» ብለው የጻፉት ስሙን ከእንግሊዝኛ ስለ ቀዱት ነው። ከሱዳን ማዶ ያለውን ሰው ስም በለንደን በኩል አዙሮ ማምጣት ትንሽ ያሳፍራል።

መፍትሔ ያልታሰበ እንዳይመስል፥ እ.ኤ.አ. በ1967 የአሜሪካና የእንግሊዝ የቦታ ስም ቦርዶች ለአማርኛ አንድ ሰንጠረዥ ተቀብለዋል። በዚህ ደንብ ግዕዝ በ«ኢ»፥ ራብዕ በ«ኤ»፥ ሳድስ በ«አይ» ይጻፋል፤ ሣልስና ኃምስ በላያቸው ላይ ሰረዝ ይደረግባቸዋል፤ የሚፈነዱት ድምፆች ከኋላቸው ትንሽ ጭረት ይከተላቸዋል። ሞጣ በዚህ ሰንጠረዥ ከሞታ ይድናል። ሰንጠረዡ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጭረቱንና ሰረዙን ማን ይጽፈዋል? የጽሕፈት መኪናው ሰረዙ የለውም፤ የኮምፒዩተሩም ቅጽ ብዙ ጊዜ በስም ውስጥ ጭረት አይቀበልም። ጭረቱ ሲወድቅ ሞጣ እንደገና ይሞታል። ደግሞም ሳድሱ ሲነበብ እንጂ ሲዋጥ አይጻፍምና፥ ሰንጠረዡን የያዘ ሰው አነባበቡን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሊቃውንቱ በበኩላቸው ሌላ ደንብ አላቸው፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በጀርመን አገር በአምስት ቅጽ የወጣው ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ ከፊደል በታች ነጥብ፥ ከፊደል በላይ ሁለት ነጥብ እያደረገ ሁሉን ይለያል። ለምርምር ከዚህ የተሻለ አላየሁም፤ ለፓስፖርት ግን አይሆንም።

የሰው ስም ሲሆን ከሰንጠረዥ ሁሉ የባለቤቱ ፈቃድ ይበልጣል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ገ»ን በ«ኤ» ሲጽፉ፥ ሌላው ገብረ ሁሉ በ«ኢ» ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1973 በእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ያሳተሙት ዳኛቸው ወርቁ «ኛ»ን በ«ኤን»፥ በ«አይ»ና በ«ኤ»፥ «ወ»ን በ«ኦ» አድርገው በመጽሐፋቸው ሽፋን ላይ አውጥተዋል፤ ከዚያ በኋላ ማንም አስተካክላለሁ ሊል አይችልም። እኛ ግን አብዛኞቻችን ስማችንን ራሳችን አልጻፍነውም። ስምንተኛ ክፍል ሳለን አንድ ሰው ቸኩሎ የጻፈውን ይዘን እዚህ ደርሰናል።

ስለዚህ ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች የምለው ይህን ነው። ማስረጃችሁን ሁሉ አንድ ላይ ዘርግታችሁ አስተያዩት፤ የተለያየ ከሆነ ከመመረቃችሁ በፊት አስተካክሉት፤ ከተመረቃችሁ በኋላ እጅግ ይከብዳል። የትኛው ይሻላል ብላችሁ በድምፅ ትምህርት አትጨነቁ፤ ለመለወጥ ከሁሉ የሚያስቸግረውን ወረቀት ያዙና ሌሎቹን ወደ እሱ አምጡ። ቅጹ በፈቀደበት ቦታ ሁሉ በላቲኑ አጠገብ በአማርኛም ጻፉ። ማኅበራችንም በመጽሔቱ የእንግሊዝኛ ገጾች የሚወጡትን የአገር ስሞች በአንድ ዝርዝር ቢይዝ መልካም ነው፤ ባለፉት እትሞች ብቸናን በሁለት ዓይነት አይቻታለሁና።

ወንድሜ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አመለከተ። የልደቱን ወረቀትና የትምህርት ቤቱን ውጤት እንደ ፓስፖርቱ አስለወጠ፤ «ወ»ው በ«ኦ»፥ «ይ»ው በ«አይ»፥ ሁለቱ ቃላት ተጋጥመው። እኔ በምርጫው አልተስማማሁም፤ እኔ ብሆን ለይቼ እጽፈው ነበር። የኔ መታወቂያ ላይ ግን ተለይቶም ተጋጥሞም አይደለም፤ በመካከሉ ሰረዝ አለበት።