ከባለቤቱ በላይ የሚኖር ባትሪ

እ.ኤ.አ. በ1970 ፓሪስ ውስጥ ሐኪሞች በፕሉቶኒየም የሚሠራ የልብ ምት ማስተካከያ፣ ማለትም ፔስሜከር፣ በአንድ ሕመምተኛ ደረት ውስጥ ተከሉ። በዓለም የመጀመሪያው ነበር።

ወደዚህ ያደረሳቸው የባትሪ ችግር ነው። በዘመኑ የነበረው የሜርኩሪ ባትሪ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሠራ ይደክማል፤ ሕመምተኛውም ባትሪው ባለቀ ቁጥር እንደገና ቀዶ ጥገና ይደረግለታል። ፕሉቶኒየም 238 ግን በራሱ እየፈረሰ ያለማቋረጥ ሙቀት ይሰጣል፤ ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስም 88 ዓመት ያህል ይፈጅበታል። ከሁለት ዓይነት ቁሶች የተጋጠመው ቴርሞኮፕል አንድ ጫፉ በዚህ ሙቀት ሲግል ኤሌክትሪክ ያመነጫል። ቮየጀር የተባሉት የጠፈር መንኮራኩሮችም የሚሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ለልብ የሚያስፈልገው ኃይል እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከአንድ ግራም ሩብ ያነሰ ፕሉቶኒየም ይበቃዋል።

አደጋውስ? ፕሉቶኒየም 238 በዋናነት የሚረጨው የአልፋ ጨረር አንዲት ወረቀት እንኳ አታሳልፈውም። የሚያስፈራው ቁሱ ወጥቶ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ቢገባ ነው። ስለዚህ የሠሪዎቹ ጭንቀት ሁሉ በማሸጊያው ላይ ነበር፤ ጥይት ቢመታው፣ አስከሬኑ በእሳት ቢቃጠል እንኳ እንዳይከፈት ተደርጎ ተሠራ። ሾልኮ የሚወጣው ጥቂት ጨረር ለተሸካሚው በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ገደማ እንደሚሆን ተገምቷል፤ ይህም ማንኛውም ሰው ከአፈርና ከሰማይ በተፈጥሮ ከሚደርሰው አማካይ መጠን ያንሳል።

አስተማማኝነቱን በአሜሪካ ኒው ጀርዚ የሚገኘው የኒዋርክ ቤት እስራኤል ሕክምና ማዕከል ለረጅም ዓመታት ተከታትሎታል። ከ1973 ጀምሮ በኑክሌር ኃይል የሚሠራ ፔስሜከር በተተከለላቸው 132 ሕመምተኞች ላይ የካንሰር መጠን ከሌላው ሕዝብ የተለየ ሆኖ አልተገኘም። የኃይል ምንጩ ሳይበላሽ አይቀርም ተብሎ የተጠረጠረውም በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው። ከሕመምተኞች ከወጡት መሣሪያዎች ብዙዎቹ የወጡት የመሣሪያው ሽቦ ከልብ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከፍተኛ ኃይል መጠየቅ ስለጀመረ ወይም ሌላ ክፍላቸው ስለተበላሸ ነው።

ታዲያ ለምን ቀረ? በ1970ዎቹ የሊቲየም ባትሪ መጣ፤ እሱም ለዓመታት ያገለግላል፣ የጨረር ፈቃድና ቁጥጥርም አይጠይቅም። በዚያ ላይ የፔስሜከር ኤሌክትሮኒክስ በፍጥነት ተሻሻለ፤ ከውጭ ሆኖ አሠራሩን ማስተካከል ተቻለ። ባትሪው ሲያልቅ መሣሪያው ስለሚቀየር ሕመምተኛው አዲሱን ያገኛል። የፕሉቶኒየሙ ባለቤት ግን ከአሮጌው ጋር ይቆያል። ሞትም ጣጣውን አይጨርሰውም፤ በአሜሪካ ሕግ መሣሪያው ከአስከሬኑ ወጥቶ ፕሉቶኒየሙ በአግባቡ መመለስ አለበት።

ፕሉቶኒየሙ የተፈለገበትን ሥራ በሚገባ ሠርቷል። የቀደመው የሕክምናው ፍጥነት ነው፤ መሣሪያ በየጊዜው በሚሻሻልበት ሙያ ውስጥ በአሥር ዓመት የሚያልቅ ባትሪ ከዘላለማዊው የተሻለ ሆኖ ተገኘ።